በአዞ ላይ ስለሚወራው ሐሜት

አዞ እንቁላል የሚጥል፣ በውኃና በየብስ የሚኖር ሥጋ በል መሆኑን ሕፃንም ስለሚያውቀው በዚህ አልዘገይም። በመጽሐፈ ኢዮብ ሌዋታን የተባለውን አስፈሪ ፍጥረት ብዙ ተርጓሚዎች አዞ ነው ስላሉ መፍራታችን ይገባል፤ ነገር ግን ከመፍራት አልፈን ማማታችን ያሳዝነኛል፤ ከሐሜቱም ሁሉ የከፋው «አዞ የገዛ ልጆቿን ትበላለች» የሚለው ነው።

አንስቲቱ አዞ ብዙ ጊዜ 50 ያህል እንቁላል በአሸዋ ቀብራ፣ 90 ቀን ያህል ከአጠገቡ ሳትርቅ ትጠብቃለች፤ ከጫጩቶቹም ተባዕቱንና አንስቱን የሚለየው የአሸዋው ሙቀት ነው። ጊዜው ሲደርስ ጫጩቶቹ ከቅርፊታቸው ሳይወጡ ይጮኻሉ፤ እርሷም ድምፃቸውን ሰምታ አሸዋውን ትምሳለች፤ መውጣት ያቃተው ቢኖር እንቁላሉን በምላሷና በላንቃዋ መካከል በቀስታ እያንከባለለች ትሰብርለታለች፤ ከዚያም አጥንት የሚያደቅቀው ያው መንጋጋ ልጆቿን አንዲት ጭረት ሳያሳርፍባቸው ተሸክሞ ከውኃው ያደርሳቸዋል። ከሩቅ የሚያይ ሰው ግን ጫጩቶቹ ወደ አፏ ሲገቡ እንጂ ከአፏ ሲወጡ ለማየት አይታገሥምና፣ «በላቻቸው!» ብሎ ይመሰክራል።

አርባ ምንጭ ወርጄ፣ በጫሞ ሐይቅ ላይ «የአዞ ገበያ» ወደሚባለው ዳርቻ በጀልባ በሄድሁ ጊዜ፣ አፉን ከፍቶ ፀሐይ የሚሞቀውን አንዱን ግዙፍ አይቼ ብደነግጥ፣ ቀዛፊው ፈገግ ብሎ፦ «ጌታዬ፣ ይኸስ ገላውን እያበረደ ነው፤ እኔ የምፈራው አፉን ገጥሞ ውኃ የገባውን ነው» አለኝ። ቀና ብዬ ቀድሞ ሦስት ተኝተውበት የነበረውን አሸዋ ብመለከት፣ ሁለት ብቻ ቀርተዋል፤ የውኃ ድምፅ ግን አልሰማሁም ነበር።

ጥንቃቄውም ከዚሁ ይወጣል። አዞ የሰውን ልማድ ያጠናል፤ በየማለዳው ከአንድ መልካ የሚቀዳውን ሰው፣ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ ያደባበታል። ስለዚህ መቅጃን መለዋወጥ፣ በምሽትና በሌሊት ከዳርቻ መራቅ፣ በእንቁላል ወራትም አሸዋማውን ዳር አለመርገጥ ይገባል። ዓሣ አርደው ሆድ ዕቃውን እዚያው ጥለው በዚያው ውኃ እጃቸውን የሚታጠቡ ሰዎችማ ራሳቸው ጠርተውት ሳለ «አዞ ጨካኝ ነው» ማለታቸው ይገርመኛል።

ይልቁንም ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲል «ጠጋ በል!» እያለ ቀዛፊውን የሚያስጨንቅ፣ እንቁላሏን የምትጠብቀው አዞ ካልተነቃነቀችለትም ድንጋይ የሚወረውር ጎብኚ፣ አራስ ካለችበት ቤት ደጅ ቆሞ እንዲህ ቢያደርግ ምን እንደሚያገኘው ያውቀዋልና፣ በአዞዋም ደጅ ይህንኑ ያስታውስ።