ከበረባሶ የተነሣው ኩባንያ

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ደጅ ላይ ዘርግተው ደንበኛውን ለክተው ይሰፋሉ። እንዲህ ያለ የእጅ ሙያ በየከተማችን አለ፤ እስከ ዓለም ገበያ የዘለቀው ግን ጥቂቱ ነው።

ሶልሬብልስ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን ይህን የጫማ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረተችው ባደገችበት በአዲስ አበባው ዘነበወርቅ ሰፈር ነው። ሥራው በአያቷ ግቢ፣ በጥቂት ሠራተኞችና ከቤተሰብ በተገኘ ገንዘብ ተጀመረ።

መነሻዋ በረባሶ ነው። ካለቀ የመኪና ጎማ የሚቆረጠውን ይህን ጫማ ገበሬውም ታጋዩም ተጫምቶታል። ቤተልሔም የጎማውን ሶል እንዳለ ይዛ፣ በእጅ ተፈትሎ በሸማኔ የተሠራ የጥጥ ጨርቅ ከላይ ጨመረችበት። በዚህ አሠራር ሊጣል የነበረው ጎማ መልሶ ያገለግላል፤ ፈትሉና ሽመናው ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ለፈታይና ለሸማኔም ገቢ ይሆናል። ሙያው ቀድሞም ነበር። አዲሱ ነገር ንድፉ፣ በየቁጥሩ በብዛት መመረቱና በራሱ ስም መሸጡ ነው።

ሶልሬብልስ የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅትን የምስክር ወረቀት በማግኘት ከጫማ ኩባንያዎች የመጀመሪያው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም መሥራቿን ከወጣት ዓለም አቀፍ መሪዎች አንዷ አድርጎ መረጣት። ጫማዎቹ በኢንተርኔት ለውጭ ደንበኞች ተሸጠዋል፤ ታይዋን ውስጥም በኩባንያው ስም ሱቅ ተከፍቷል።