በጃፓን የበጋ ዘፈኖች ውስጥ ፍቅር፣ ትዝታና መለያየት

በጃፓን የሐምሌና የነሐሴ ወራት ሲገቡ በራዲዮና በቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንዲሁም በየሰፈሩ የበዓል አደባባዮች ከሚደመጡት ዘፈኖች መካከል ቁጥራቸው ቀላል የማይባሉት ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዝታና ስለ መለያየት የሚያወሱ ናቸው። እነዚህ ወራት በኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ የሚበረታባቸው ሲሆኑ፣ በጃፓን ግን የዝናቡ ወቅት አልፎ ከባድ ሙቀት የሚሰፍንበት በጋ ነው። ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት ግን በሁለቱም አገሮች በዚሁ ጊዜ ነው።

ሙቀት፣ ባሕርና ርችት የሞላበት ወቅት ሐዘን ያዘሉ ዘፈኖች የሚበዙበት የመሆኑ ምክንያት በመጀመሪያ ደረጃ ከበዓላት ቀን መቁጠሪያ ጋር የተያያዘ ነው። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከኦገስት 13 እስከ 16፣ በቶኪዮና በአንዳንድ አካባቢዎች ደግሞ በጁላይ አጋማሽ የሚከበረው የቦን በዓል የሟቾች ነፍሳት ወደ ቤተሰቦቻቸው ተመልሰው የሚሰነብቱበት እንደሆነ ይታመናል። በበዓሉ መግቢያ ለእንግዶቹ መንገድ የሚያሳይ እሳት ይለኮሳል፤ በመጨረሻው ዕለት ደግሞ የመሸኛ እሳት ይነዳል፤ በአንዳንድ ሥፍራዎችም ፋኖሶች በወንዝና በባሕር ላይ ይለቀቃሉ። በከተሞች የሚሠሩ ሰዎች በዚሁ ሰሞን ወደ ትውልድ ቀያቸው ስለሚጓዙ ባቡሮችና አውራ ጎዳናዎች ይጨናነቃሉ። መቀበልና መሸኘት በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚፈጸሙ በመሆናቸው የበጋ ዘፈን ደራሲ መለያየትን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጁላይ 7 ቀን የሚታሰበው የታናባታ በዓልም ቢሆን በፍኖተ ሐሊብ ግራና ቀኝ ተለያይተው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚገናኙ የሁለት ከዋክብት የፍቅር ተረት ነው።

ይሁንና በጥንቱ የጃፓን ሥነ ግጥም በጋ ይህን ያህል ሥፍራ አልነበረውም። እ.ኤ.አ በ905 ገደማ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የተጠናቀረው ኮኪንሹ የተሰኘው የግጥም መድበል 20 ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ለፍቅር አምስት፣ ለመለያየት አንድ፣ ለፀደይና ለመከር ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት መድቧል። ለበጋ የተተወለት አንድ ብቻ ነው። እሱም አጭር ከመሆኑም በላይ በአብዛኛው የአንዲት ወፍን ድምፅ የሚያነሳ ነው። የሐዘን ወቅት ተደርጎ ይታይ የነበረው መከር ነው። ሐዘኑ ወደ በጋ እንዲሻገር ሁለት ነገሮች ዋነኛ ድርሻ እንዳላቸው መገመት ይቻላል፤ አንደኛው ዘመናዊ ትምህርት ይዞት የመጣው ረጅሙ የበጋ ዕረፍት ሲሆን፣ ሁለተኛው የ1945 በጋ ነው።

በዚያ ዓመት በኦኪናዋ ደሴት የተካሄደው ጦርነት በጁን ወር መጨረሻ ገደማ አብቅቷል። የአቶም ቦምብ በሂሮሺማ ላይ ኦገስት 6፣ በናጋሳኪ ላይ ኦገስት 9 ተጥሏል። የንጉሠ ነገሥቱ የሽንፈት መግለጫ በራዲዮ የተሰማው ኦገስት 15 ቀን እኩለ ቀን ላይ ሲሆን፣ ዕለቱም ከቦን በዓል ቀናት አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሟቾች የሚታሰቡበት የሃይማኖት በዓልና የጦርነቱ መታሰቢያ በአንድ ላይ ይውላሉ።

ይህም በርችት ላይ ሳይቀር ይታያል። በኒጋታ ክፍለ ግዛት የምትገኘው ናጋኦካ ከተማ ኦገስት 1 ቀን 1945 ምሽት በአየር ተደብድባ ከ1 ሺህ 400 በላይ ነዋሪዎቿን አጥታለች። ከተማዋ በየዓመቱ ኦገስት 2 እና 3 የምታቀርበው ታላቅ የርችት ትርዒት ለእነዚሁ ሟቾች መታሰቢያ ሲሆን፣ በነጭ አበባ አምሳል የሚፈነዱ ርችቶችም ይተኮሱበታል። ስለዚህ አንድ የፍቅር ዘፈን ውስጥ ሰማይ ላይ ፈንድቶ ስለሚጠፋ ርችት ሲነገር፣ አድማጩ የሚያስበው የሁለት ወጣቶችን ምሽት ብቻ ላይሆን ይችላል።

ከጦርነቱ በኋላ ከተደረሱት የበጋ ዘፈኖች ቀዳሚውን ሥፍራ ከያዙት አንዱ እ.ኤ.አ በ1949 በጃፓን የሕዝብ ራዲዮ የተላለፈው “ናትሱ ኖ ኦሞይዴ” ነው፤ ትርጉሙም “የበጋ ትዝታ” ማለት ነው። ግጥሙን ባለቅኔዋ ኤማ ሾኮ፣ ዜማውን ናካዳ ዮሺናኦ ደርሰውታል። ዘፈኑ ኦዜ የተባለውን ረግረጋማ የተራራ ሜዳና በዚያ የሚበቅለውን ነጭ አበባ ያስታውሳል። አበባው በብዛት የሚታየው ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን ድረስ በመሆኑ ዘፈኑን አምኖ በኦገስት ወደ ኦዜ የሚጓዝ ሰው አያገኘውም። ይህም ሆኖ ዘፈኑ በትምህርት ቤት የመዝሙር መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል።

እ.ኤ.አ በ1990 የወጣውና በኢኖዌ ዮሱይ የተዜመው “ሾኔን ጂዳይ” ማለትም “የልጅነት ዘመን” ከዚህ የሚቀራረብ ጠባይ አለው። ዘፈኑ የተደረሰው በዚሁ ስም ለሚጠራ ፊልም ሲሆን፣ ፊልሙ በጦርነቱ ጊዜ ከቶኪዮ ወደ ገጠር እንዲሸሽ ስለተደረገ ልጅ ያወሳል። ደራሲው በግጥሙ ውስጥ በየትኛውም መዝገበ ቃላት የማይገኝ የዕፅዋት ስም ፈጥረው አስገብተዋል። አድማጮች ግን ቃሉን በልጅነታቸው የሚያውቁት ያህል ተቀብለውታል፤ ምናልባትም የዘፈኑ ትልቁ ምሥጢር ይኸው ነው።

ዞን የተባለው ከሳፖሮ የተነሳ የወጣት ሴቶች ባንድ በኦገስት 2001 ያወጣው “ሲክሬት ቤዝ” ደግሞ በበጋው ዕረፍት መጨረሻ ስለሚለያዩ የትምህርት ቤት ጓደኞችና ከአሥር ዓመት በኋላ በኦገስት ለመገናኘት ስለገቡት ቃል የሚናገር ነው። ባንዱ በ2005 ቢበተንም ከአባላቱ የተወሰኑት ቃሉ በሚያዘው መሠረት በኦገስት 2011 በድጋሚ መድረክ ላይ ወጥተዋል። በዚያው ዓመት ዘፈኑ በልጅነቷ በሞተች ጓደኛ ዙሪያ በተሠራ ተከታታይ የአኒሜሽን ፊልም ውስጥ በመካተቱ ለአዲስ ትውልድ ተዳርሷል።

ከዜማ አኳያ አንድ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ ጉዳይ አለ። በርካታ የቆዩ የጃፓን ዘፈኖች የተቀነባበሩበት “ዮናኑኪ” የተባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ስሙ “አራትና ሰባት የወጡበት” የሚል ትርጉም ያለው ሲሆን፣ የሜጀሩ ድምፆች ከትዝታ ሜጀር፣ የማይነሩም ከትዝታ ማይነር ቅኝት ጋር አንድ ናቸው። ይህ አንዱ ከሌላው መውሰዱን አያሳይም። ሆኖም ትዝታን በዚሁ ቅኝት ሲሰማ ላደገ ጆሮ የጃፓን አሮጌ ዘፈን ለምን እንግዳ እንደማይሆንበት ያስረዳል።

በዚሁ ቅኝት ከተደረሱት አንዱ “ዩያኬ ኮያኬ” የተባለው የልጆች መዝሙር ነው። ግጥሙ በ1919 የተጻፈ፣ ዜማው በ1923 የተደረሰ ሲሆን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤታቸው ስለሚመለሱ ልጆች ይናገራል። የጃፓን ማዘጋጃ ቤቶች ለመሬት መንቀጥቀጥ፣ ለጎርፍና ለሌሎችም አደጋዎች ማስጠንቀቂያ በየሰፈሩ የተከሏቸው ድምፅ ማጉያዎች መሥራታቸው በየዕለቱ መረጋገጥ አለበት። በብዙ ከተሞች ይህ ሙከራ የሚካሄደው አመሻሽ ላይ ዜማ በማሰማት ሲሆን፣ ከሚመረጡት መካከል ይኸው መዝሙር ይገኝበታል። ለመሣሪያ ፍተሻ የታሰበው አሠራር በዚህ መንገድ ልጆች ከጨዋታ ተለያይተው ወደየቤታቸው የሚበተኑበት ምልክት ሆኗል።

ፉጂፋብሪክ የተባለው ባንድ በ2007 ያወጣው “ዋካሞኖ ኖ ሱቤቴ” የተሰኘ ዘፈን ይህንኑ የአመሻሽ ደወልና የዓመቱን የመጨረሻ ርችት ያነሳል። ደራሲውና ድምጻዊው ሺሙራ ማሳሂኮ በዲሴምበር 2009 በ29 ዓመቱ ሕይወቱ አልፏል። የትውልድ ከተማው ፉጂዮሺዳ በፉጂ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ሲሆን፣ የከተማዋ አስተዳደር እርሱን ለማሰብ በተመረጡ ቀናት የአመሻሹን ዜማ በእርሱ ድርሰቶች እየተካ በድምፅ ማጉያዎቹ አሰምቷል።