ምንም የማይፈልግ ፍቅር አለ?

«እውነተኛ ፍቅር ምንም አይጠብቅም» የሚል ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ ስንት ጊዜ አያችሁ? እኔ መቁጠር ትቻለሁ። ባየሁት ቁጥር ግን አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ የምትወዱት ሰው «ከእናንተ ምንም አልፈልግም፤ ብትኖሩም ባትኖሩም ለእኔ ያው ነው» ቢላችሁ ደስ ይላችኋል? እኔን ደስ አይለኝም።

ጥያቄው አዲስ እንዳይመስላችሁ። ከ300 ዓመት በፊት ፈረንሳይ ውስጥ ሁለት ጳጳሳትን አጣልቷል (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የካምብሬው ሊቀ ጳጳስ ፌኔሎን የንጉሥ ሉዊ 14ኛ የልጅ ልጅ አስተማሪ ነበሩ። በ1697 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ፍጹም ፍቅር ማለት እግዚአብሔርን ለገነት ብሎ ወይም ሲኦልን ፈርቶ ሳይሆን ስለ ራሱ ስለ እግዚአብሔር ብቻ መውደድ ነው አሉ። ገነት የሚባል ነገር ባይኖርስ? ያኔም መውደድ ነዋ!

የተቃወሟቸው የሞ ከተማው ጳጳስ ቦሱዌ ናቸው። የሚገርመው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የፌኔሎንን ሥርዓተ ሲመት የፈጸሙት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ቦሱዌ እንዳሉት ሰው ደስታን መፈለግ ሊያቆም አይችልም። ተስፋ ደግሞ ከእምነትና ከፍቅር ጋር አብሮ የሚቆጠር ነው። ከፈጣሪ ጋር መኖርን መመኘት ራስ ወዳድነት ከሆነ ክርስቲያን ምን ተስፋ ያደርጋል?

ጠቡ ከፋ። ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ ተከመረ። ንጉሡ ፌኔሎንን ከቤተ መንግሥት አራቋቸው። በ1699 የሮማው ጳጳስ ኢኖሰንት 12ኛ ከመጽሐፉ 23 ነጥቦችን አወገዙ፤ ፌኔሎንም ውግዘቱን ተቀበሉ።

ክርክሩ ግን አልሞተም። ስዊድናዊው የሥነ መለኮት ምሁር አንደርስ ኒግሬን በ1930 ማሳተም በጀመሩት ሥራቸው ፍቅርን ለሁለት ከፈሉት። ኤሮስ የጎደለውን ለመሙላት ወደ ላይ የሚንጠራራ ፍላጎት ነው። አጋፔ ደግሞ ተወዳጁ ይገባዋል አይገባውም ሳይል ከላይ ወርዶ እንዲሁ የሚሰጥ ፍቅር ነው። ለኒግሬን ሁለቱ ዘይትና ውኃ ናቸው። በ2005 ግን የሮማው ጳጳስ ቤኔዲክት 16ኛ በመጀመሪያ ሐዋርያዊ መልእክታቸው ሁለቱን ፈጽሞ መለያየት እንደማይቻል ጻፉ፤ ሰው ሁልጊዜ ሰጪ ብቻ ሆኖ መኖር አይችልም፣ መቀበልም አለበት።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን የሌላ ሰው ትችት ነው። አሜሪካዊቷ ቫለሪ ሴይቪንግ በ1960 ባወጡት ጽሑፍ፣ ኃጢአትን ትዕቢት፣ ፍቅርን ደግሞ ራስን መርሳት ብለው የተረጎሙት ወንዶች ናቸው አሉ። የብዙ ሴቶች ፈተና ግን ተቃራኒው ነው፤ ለሌላው ሲሉ ራሳቸውን እስከማጣት መድረስ። እንዲህ ላለች ሴት «ራስሽን እርሺ» ብሎ መስበክ ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ይሄ ሩቅ አገር ያለ ነገር አይደለም። እኛ ጋ ለእናት ወይም ለታላቅ እህት የሚሰጠው ትልቁ ሙገሳ «ለራሷ የማትል» የሚለው አይደል? እናመሰግናታለን፣ ትሰጣለች፣ እንቀበላለን። ውዳሴው የሚመቸው ግን ለተቀባዩ ነው። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለው ተረት ስለ ስስታም ብቻ የተነገረ ይመስለናል፤ ሌላው ለራሱ እንዳይቆርስ የሚመክረውም እኮ ለራሱ እየቆረሰ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ራስ ወዳድነት የለም ወይ? አለ እንጂ! የእኔ መለኪያ ግን «ከዚህ ሰው ምን አገኛለሁ?» የሚለው አይደለም። የምወደው ሰው በእኔ በኩል ያልመጣ ደስታ ሲያገኝ፣ ለምሳሌ ከእኔ የሚያርቀው ጥሩ ሥራ ሲገጥመው፣ ደስ ሊለኝ ይችላል ወይ? መናፈቄ ፍቅር ነው፤ እንዳይሄድ እግሩን ማሰሬ ግን ሌላ ነገር ነው። ፌኔሎን ሲታገሉት የነበረው ስስት ይሄኛው ቢሆን ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር። እሳቸው ግን ስስቱን ሲነቅሉ ናፍቆቱንም አብረው ነቀሉት።

ትእዛዙም ቢሆን ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ ነው፤ «በራስ ፋንታ» አይልም።

ስለዚህ ያቺን ለራሷ የማትል እህታችሁን ዛሬ አንድ ነገር ጠይቋት፤ «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» መልሱ ቶሎ ካልመጣላት አትቸኩሉ፤ ጠብቋት።