«ሥር»፣ «ጅማት»፣ «ነርቭ»፦ የእግርን ሕመም በአልትራሳውንድ ስለ መለየትና ስለ ማከም

በአገራችን አነጋገር «ሥሬን ያመኛል» የሚል ሰው የደም ሥሩን፣ ጅማቱን ወይም ነርቩን ማለቱ ሊሆን ይችላል። በሮም ሐኪም ፊት ግን አስተርጓሚው ቃሉን «የደም ሥር» ብሎ ከመለሰው፣ ሕመምተኛው ወደማይመለከተው ምርመራ ሊላክ ይችላል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደዚህች ከተማ መጥተው በሰው ቤት ሲሠሩ፣ ቀኑን ሙሉ ሲቆሙ የኖሩ እኅቶቻችን ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋልና፣ ነገሩ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የቋንቋም ጉዳይ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ አልትራሳውንድ በዚህ ረገድ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ ማስረዳት ነው። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከእግር ነርቭ ሕመሞች ሁለቱን እንመልከት። አንደኛው፣ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል የሚያልፈው ነርቭ በተደጋጋሚ ሲጫን የሚወፍርበት ነው። ጣሊያኖች የቺቪኒኒና የሞርቶን ሕመም ይሉታል፤ ፊሊፖ ቺቪኒኒ እብጠቱን በ1835፣ አሜሪካዊው ቶማስ ሞርቶን ደግሞ ሕመሙን በ1876 ስለ ገለጡት ነው። ካንሰር አይደለም፤ በነርቩ ዙሪያ የደደረ ሥጋ ነው። ሕመምተኛው ጠጠር የረገጠ ይመስለዋል፤ ጫማውን ሲያወልቅ ይቀለዋል። ሁለተኛው፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ በጠባብ መተላለፊያ የሚሄደው ዋና ነርቭ ሲታፈን የሚመጣ ነው፤ ውስጥ እግርን ይለበልባል፣ ያደነዝዛል።

የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ድምፅ አይሰማም። ለእግር ነርቭ የሚውለው ሞገድ ግን ከ10 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይርገበገባል። ርግብግቡ በጨመረ መጠን ምስሉ ይጠራል፤ የሚደርስበት ጥልቀት ግን ያንሳል። የእግር ነርቮች ለቆዳ ቅርብ ስለሆኑ ይህ አያግድም። ነርቭ በአግድም ሲታይ የማር እንጀራ ይመስላል። ጅማት ክር በክር ሆኖ ያንጸባርቃል፤ መሣሪያው ሲያዘነብል ይደበዝዛል። የደም ሥር ጥቁር ነው፤ ደም ቅዳው ይመታል፣ ደም መልሱ ሲጫኑት ይጨፈለቃል። እንግዲህ ቃላችን ያጣመረውን መሣሪያው ይለየዋል ማለት ነው።

ይኸው መሣሪያ ለሕክምናውም ይረዳል። መጀመሪያ የሚታዘዘው ሰፊና ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ፣ ውስጥ እግርን የሚደግፍ ንጣፍም ነው። ይህ ካልበቃ ሐኪሙ መርፌውን በምስሉ እየተከታተለ ወደ ነርቩ ጎን ያደርስና ማደንዘዣና ኮርቲዞን ይሰጣል። ማደንዘዣው ሕመሙን ወዲያው ካስታገሠ፣ ምንጩ ያ ቦታ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ስለዚህ ሕክምናው ራሱ ምርመራ ይሆናል። ኮርቲዞን ሲደጋገም የውስጥ እግርን ስብ ሊያሳሳ ስለሚችል ልክ አለው። ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው ነው፤ ነርቩ ሲወጣ በጣቶቹ መካከል ያለው ስሜት ይጠፋል።

ይሁን እንጂ ምስል ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎችም እግር የወፈረ ነርቭ ይታያል። በአንጻሩ የስኳር በሽታ የሚያጠቃቸው ቀጫጭን የነርቭ ጫፎች በአልትራሳውንድ አይታዩም፤ የደምና የስሜት ምርመራ ያስፈልጋል። በሥጋ ደዌ ደግሞ የቁርጭምጭሚቱ ነርቭ ያብጣል፤ በ1965 በአዲስ አበባ በተመሠረተው አለርት የመሰሉ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ሐኪሞች በጣታቸው የሚዳስሱት ይህንኑ ነርቭ ነው። በሁለቱም በሽታዎች የሚያሠጋው ሕመሙ ብቻ ሳይሆን የሕመሙ መጥፋት ጭምር ነው፤ የማይሰማ እግር ቁስሉን አያውቅምና።

በጣሊያን የ1998 የስደተኞች ሕግ ጥገኝነት ያገኙና የጠየቁ ሰዎች በብሔራዊው የጤና አገልግሎት እንዲመዘገቡ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውም አስቸኳይና መሠረታዊ ሕክምና እንዲያገኙ ይደነግጋል። መብቱ ግን በቃል ይጀምራል። ሕመምተኛው ሕመሙ የት ጀምሮ ወዴት እንደሚሄድ፣ እንደሚወጋ፣ እንደሚለበልብ ወይም እንደሚደነዝዝ፣ ጫማ ሲወልቅ እንደሚቀል ወይም በሌሊት እንደሚብስ ይናገር። ከመካከላችን የሚያስተረጉምም ቃሉን ወደ ጣሊያንኛ ከመመለሱ በፊት «የትኛው ሥር?» ብሎ ይጠይቅ።