ለረጅም ጊዜ የቆመ ቮልስዋገን ሞተር፦ የደጋው ከፍታ የሚሰውረው ጉድለት

ለዓመታት የቆመ አሮጌ ቮልስዋገን በዲማ ደጋ ላይ ተነሥቶ መሥራቱ ብቻ ለሞተሩ ጤንነት ማስረጃ አይሆንም። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱንና የምርመራውን ቅደም ተከተል ያብራራል።

ቤንዚን ሲቆይ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ዝቃጩም የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ያጠባል፤ ወደ ሞተሩ የሚደርሰውም ቤንዚን ይቀንሳል። በሌላ በኩል፣ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። በዚህም ምክንያት ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ካርቡራተር በደጋ ላይ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ቤንዚን ያበዛል። አንዱ ጉድለት ሌላውን ስለሚያካክስ ሞተሩ ጤናማ ይመስላል።

ጉድለቱ የሚገለጠው መኪናው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ነው። በሸለቆው ውስጥ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን በሚፈለገው መጠን አይጨምርም። በውሃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዘው ይህ ሞተር ዳገቱን ሲወጣ ከልክ በላይ ይግላል፤ ፒስተኑም ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ ምርመራው ደረጃ በደረጃ ይካሄዳል። በመጀመሪያ፣ ሞተሪኖው ከመነካቱ በፊት ካንዴላዎቹ ተፈትተው በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይጨመራል፤ ሞተሩም በእጅ ይዞራል። እንቢ ካለ በኃይል ማስነሣት አይገባም። በሁለተኛ ደረጃ አሮጌው ቤንዚን ይፈስሳል፤ ታንኩና ካርቡራተሩ ይታጠባሉ። በሦስተኛ ደረጃ ፑንቲናው ጸድቶ የካንዴላው እሳት ይፈተሻል።

ከዚህ በኋላ ካንዴላው በደጋ ላይ ጠቆር ማለቱ አያስደነግጥም። ካርቡራተሩ ሳይታጠብ የሚታይ መልካም ቀለም ግን ለዓባይ ዳገት ዋስትና አይሆንም።