መርዳትም ሙያ ነው፦ የክፍል ረዳቶች እንዴት ይሠለጥናሉ?

አሜሪካ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባ ኢትዮጵያዊ ወላጅ መጀመሪያ ከሚያስገርሙት ነገሮች አንዱ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት አዋቂዎች ማየቱ ነው። አንዷ ሰሌዳው ፊት ቆማ ታስተምራለች። ሌላዋ ከአንድ ተማሪ አጠገብ ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች፤ ወይም አራት ልጆች ሰብስባ ጥግ ላይ ታስነብባለች። ይህች ሁለተኛዋ የክፍል ረዳት ናት። መጠሪያዋ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ «ፓራፕሮፌሽናል» የሚሏት አሉ፣ «ፓራኤጁኬተር» ወይም «ኢንስትራክሽናል አሲስታንት» የሚሏትም አሉ። በመላ አገሪቱ በዚህ ሥራ የተሰማሩት ከ1 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች የእኛም ሰዎች አሉበት።

ሥራውን ከሩቅ የሚያየው ሰው ልጅ መጠበቅ ይመስለዋል። ትዕግሥት ያለው፣ ልጅ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚችለው አድርጎ ይገምተዋል። ፍቅርና ትዕግሥት የግድ ያስፈልጋሉ፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም። ልጅን እንዲማር መርዳት ራሱን የቻለ ዕውቀት አለው፤ ያልተማሩት እርዳታ ደግሞ፣ በቅን ልብ ቢደረግም፣ ልጁን ወደ ኋላ ሊያስቀር ይችላል። የክፍል ረዳቶች ሥልጠና ትርጉም የሚገባን ከዚህ ስንነሣ ነው።

ከኮት አልባሽነት ወደ ማስተማር

እ.ኤ.አ. በ1953 ሚሺጋን ውስጥ ቤይ ሲቲ በምትባል ከተማ፣ ፎርድ ፋውንዴሽን ባቋቋመው ፈንድ እየተደገፈ አንድ ሙከራ ተጀመረ። ስም መጥራቱን፣ ወረቀት ማደሉን፣ ሕፃናትን ኮት ማልበሱን ለረዳት ሰጥቶ መምህሯ በማስተማር ላይ ብቻ እንድታተኩር ማድረግ ነበር ዓላማው። ያኔ ረዳቷ ከትምህርቱ ጋር የሚያገናኛት ነገር ጥቂት ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1960ዎቹ ነው። በ1965 የወጣው የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሕግ የድሃ ልጆች ለሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች የፌዴራል ገንዘብ ሲመድብ፣ ትምህርት ቤቶቹ የየሠፈሩን እናቶች በረዳትነት መቅጠር ጀመሩ። በኒው ዮርክ ከተማ አብዛኞቹ ጥቁርና ፖርቶ ሪካዊ ሴቶች ነበሩ። የልጆቹን ቤተሰብ ያውቃሉ፣ ቋንቋቸውን ይናገራሉ፤ ክፍያቸው ግን እጅግ ዝቅተኛ ነበር። ቬልማ መርፊ ሂል የተባለች የሲቪል መብት ታጋይ አደራጅታቸው የከተማውን የመምህራን ማኅበር ተቀላቀሉ፤ በ1970 በተፈረመው ስምምነትም ከደመወዝ ጭማሪው ጋር እየሠሩ ኮሌጅ የሚማሩበት መንገድ ተከፈተላቸው። በዚያ መንገድ ተጉዘው መምህራን የሆኑ ብዙዎች ናቸው። ረዳትነት ወደ ማስተማር የሚያስገባ በር መሆኑ የታወቀው በእነዚህ እናቶች ነው።

በ1975 ደግሞ አካል ጉዳተኛ ልጆች ሁሉ በሕዝብ ትምህርት ቤት የመማር መብት እንዳላቸው በሕግ ተደነገገ። እነዚህ ልጆች ወደ መደበኛው ክፍል ሲገቡ ረዳቷም አብራቸው ገባች። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ማንበብና ሒሳብ ማለማመድ፣ ባሕርይ መከታተል፣ መናገር ለማይችል ልጅ የመገናኛ ሥዕል ማቅረብ ሆነ። ሥልጠናው ግን ከሥራው በጣም ዘግይቶ ነው የመጣው። የአካል ጉዳተኞች የትምህርት ሕግ ረዳቶች በአግባቡ ሠልጥነውና ክትትል እየተደረገላቸው እንዲሠሩ የሚለውን ያካተተው በ1997 በተሻሻለበት ጊዜ ነው። ጥር 2002 ላይ የተፈረመው «ኖ ቻይልድ ሌፍት ቢሃይንድ» የተባለው ሕግ ደግሞ፣ ለድሃ ተማሪዎች በተመደበው የፌዴራል ገንዘብ ተቀጥረው በማስተማር የሚያግዙ ረዳቶች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከማጠናቀቅ በላይ ከሦስት አንዱን እንዲያሟሉ አዘዘ፦ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት፣ የአሶሺየት ዲግሪ፣ ወይም ማንበብን፣ መጻፍንና ሒሳብን የሚመዝን ፈተና ማለፍ። ለዚህ ፈተና በብዙ ስቴቶች የሚያገለግለው «ፓራፕሮ» 90 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት፤ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ የማለፊያ ነጥቡን እያንዳንዱ ስቴት ራሱ ይወስናል። ከጥያቄዎቹ ሲሶ ያህሉ ዕውቀቱን ክፍል ውስጥ ተማሪ ለመርዳት እንዴት እንደምትጠቀምበት የሚጠይቁ ናቸው።

እርዳታ ሲበዛ

በ1997 የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጂያንግሬኮና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አሳተሙ። ያዩት አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚማሩባቸውን መደበኛ ክፍሎች ነበር። ረዳቷ ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጎን ስትጣበቅ ምን እንደሚሆን ዘረዘሩ። መምህሯ «እሱ ረዳት አለው» ብላ ልጁን ትተወዋለች። ልጁ ከክፍሉ ልጆች ይነጠላል፤ እነሱም አዋቂ ሰው አጠገቡ ስላለ ሊያጫውቱት ይቸገራሉ። እያንዳንዱን እርምጃ ከሰው እየጠበቀ ጥገኛ ይሆናል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ የበለጠ ትምህርት የሚያስፈልገው ልጅ የሚማረው ለማስተማር ካልሠለጠነ ሰው መሆኑ ነው።

እንግሊዝ ውስጥም ፒተር ብላችፎርድ የመሩት፣ ከ2003 እስከ 2008 የተካሄደ ትልቅ ጥናት ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ብዙ የረዳት ድጋፍ ያገኙ ተማሪዎች፣ በችሎታና በፍላጎት ከሚመስሏቸው ግን ያነሰ ድጋፍ ካገኙት ተማሪዎች ያነሰ እድገት አስመዘገቡ። ተመራማሪዎቹ ጥፋቱን በረዳቶቹ ላይ አላላከኩም። ረዳቶቹ ከመምህሩ ጋር የሚመካከሩበት ጊዜ አልነበራቸውም፤ ትምህርቱን የሚሰሙት ከልጆቹ ጋር እኩል ነበር፤ ብዙዎቹም ትኩረታቸው ሥራው ተሠርቶ ማለቁ ላይ ነበር፣ ልጁ መረዳቱ ላይ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ የተሰበሰቡ ማስረጃዎች ደግሞ፣ ረዳቶች በሚገባ ሠልጥነው፣ በሥርዓት የተዘጋጀ ትምህርት ለአንድ ልጅ ወይም ለትንሽ ቡድን ሲሰጡ ተማሪዎቹ በግልጽ እንደሚሻሻሉ ያሳያሉ። ያው ረዳት፣ ያው ልጅ፤ ልዩነቱን ያመጣው ሥልጠናውና አሠራሩ ነው።

የዋሽንግተን ስቴት መንገድ

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የዋሽንግተን ስቴት በ2017 ባወጣው ሕግ ለክፍል ረዳቶች ደረጃ ያለው የምስክር ወረቀት ሥርዓት ዘርግቷል። መነሻው 28 ሰዓት የሚወስድ መሠረታዊ ኮርስ ነው። ተማሪዎች በሚያነቡበትና በሚያሰሉበት ጊዜ እንዴት እንደሚታገዙ፣ የልጅ ባሕርይ እንዴት እንደሚያዝ፣ የተቆጣ ልጅ እንዴት እንደሚረጋጋ፣ መረጃ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ የተለያየ ባህል ያላቸው ቤተሰቦች እንዴት እንደሚከበሩ፣ የሥራው ሥነ ምግባር ምን እንደሆነ ይማሩበታል። ቀጥሎ የ70 ሰዓት ሥልጠና ሲጨመርበት አጠቃላይ የረዳትነት የምስክር ወረቀት ያስገኛል። ከፈለጉ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ወይም እንግሊዝኛ እየተማሩ ያሉ ልጆችን በመርዳት ላይ የሚያተኩሩ፣ እያንዳንዳቸው 20 ሰዓት የሚወስዱ ኮርሶች አሉ።

ከሥነ ምግባሩ ክፍል ሁለት ነገሮች ለእኛ ማኅበረሰብ በተለይ ይጠቅማሉ። አንደኛው ምስጢር ነው። በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ የተማሪን የትምህርት መረጃ ይጠብቃል። ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ፣ ረዳቷ ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ወይም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የልጁን እናት ልታገኛት ትችላለች። እዚያ ስለ ልጁ ሁኔታ ሰው በተሰበሰበበት ማንሣት፣ ለማጽናናት ቢሆንም እንኳ፣ ክልክል ነው። ሁለተኛው ጥቆማ ነው። በዋሽንግተን ስቴት የትምህርት ቤት ባለሙያ ልጅ እየተጎዳ መሆኑን የሚያስጠረጥር ምክንያት ካየ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። «የሰው ቤት ነው፣ ምን አገባኝ» የሚለው ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

አንድ የሒሳብ ጥያቄ

የሥልጠናው እምብርት ግን ሌላ ነው፤ መቼ ዝም ማለት፣ መቼ መናገር እንደሚገባ ማወቅ። አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እንውሰድ። 52 ሲቀነስ 27 ተሰጥቶት 35 ብሎ ጽፏል። ከ2 ላይ 7 መቀነስ ሲያቅተው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀነሰ። ይህ በዚህ ዕድሜ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ያልሠለጠነ ሰው «አይደለም፣ 25 ነው» ብሎ ያርምለታል፤ ልጁም አጥፍቶ 25 ይጽፋል። ወረቀቱ ትክክል ሆነ፤ ልጁ ግን አንዳች ነገር አልተማረም።

የሠለጠነች ረዳት ከትንሹ እርዳታ ትጀምራለች። መጀመሪያ ዝም ብላ ታየዋለች፤ ምናልባት ራሱ ይደርስበታል። በ1970ዎቹ ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ እንዳሳዩት፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ይሻሻላልም። ዝምታው ካልበቃ «እስኪ እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ» ትለዋለች። ይህም ካልሠራ ፍንጭ ትሰጣለች፦ «የአንድ ቤቱን ተመልከት። 2 ብር ኪስህ ውስጥ ቢኖር 7 ብር ልትሰጠኝ ትችላለህ?» አሁንም ከተቸገረ ሌላ ጥያቄ ወስዳ እያሰበች ድምፅዋን አውጥታ ትሠራለች፦ «61 ሲቀነስ 34። 1 ላይ 4 አይነሣም። ከ6ቱ አሥሮች አንዱን እበደራለሁ፤ አሁን 11 አለኝ። 11 ሲቀነስ 4፣ 7። የቀሩኝ 5 አሥሮች ናቸው፤ 3ቱ ሲቀነሱ 2። መልሱ 27። አሁን ያንተን ሞክረው።» መልሱን መንገር የመጨረሻው መጨረሻ ነው።

ሥራ ለሠሪው እንዲሉ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሥራ የልጁ ነው። ረዳቷ በየጊዜው የምትመዘግበውም ይህንኑ ነው፤ ስንቱን በራሱ ሠራ፣ ስንቱን በፍንጭ፣ ስንቱን ካሳየችው በኋላ። መምህሯ ከዚህ መዝገብ ተነሥታ የነገውን ትምህርት ታቅዳለች። ባለፈው ወር ሠርቶ ማሳየት ያስፈልገው የነበረ ልጅ በዚህ ወር በፍንጭ ከሠራ፣ እርዳታው ሰምሯል ማለት ነው።

ሁለት ቋንቋ ያላት ረዳት

አማርኛና እንግሊዝኛ የምትናገር ረዳት ለአዲስ መጪ ልጅ የምትሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው። አገር ቤት አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ «ትነት» ምን እንደሆነ ተምሮ ሊሆን ይችላል። «ኢቫፖሬሽን» ሲባል የሚያፈጠው የቋንቋ ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ ሳይንስ ያልገባው ሊመስል ይችላል። ረዳቷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታገናኝለታለች።

አደጋውም እዚያው አለ። መምህሯ የተናገረችውን ሁሉ በጆሮው የምትተረጉምለት ከሆነ ልጁ እንግሊዝኛውን ማዳመጥ ያቆማል፤ አማርኛው እንደሚመጣ ያውቃልና። የሠለጠኑት የሚያደርጉት፣ ከትምህርቱ በፊት ዋናውን ሐሳብ በአማርኛ ማስጨበጥ፣ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ እንዲከታተል መተው፣ በመጨረሻም የተማረውን በአማርኛ እንዲነግራቸው መጠየቅ ነው። እንዲህ ሲሆን ልጁ ቋንቋውንም ትምህርቱንም ይይዛል።

ለወላጅና ለሥራ ፈላጊ

ልጄ ረዳት ተመደበለት ብሎ የሚደነግጥ፣ እንደ ነውር ቆጥሮ የሚደብቅ ወላጅ አለ። በሌላ በኩል ቀኑን ሙሉ ካልተቀመጠችለት ብሎ የሚሟገትም አለ። ለሁለቱም የሚበጀው ትክክለኛውን ጥያቄ ማንሣት ነው። የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ ሲገመገም፦ ረዳቷ ምን ሥልጠና አላት? ከመምህሯ ጋር የምትመካከረው መቼ ነው? ከልጄ ጋር የማትሆነው በየትኞቹ ሰዓቶች ነው? ልጄ ከአምናው ይልቅ ዘንድሮ ያለ እርዳታ ምን መሥራት ቻለ? ብሎ መጠየቅ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ወላጅ ስብሰባውን እንዲረዳ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ያለ አስተርጓሚ መፈረም አይገባም።

ወደዚህ ሥራ መግባት ለሚፈልጉም አንድ ቃል። አገር ቤት ያስተማሩ ብዙ ሰዎች እዚህ ሌላ ሥራ ላይ ናቸው። የአገር ቤት ዲግሪያቸውን አስገምግመው፣ ወይም ፈተናውን አልፈው መግባት ይችላሉ። ክፍያው ለሥራው ክብደት የሚመጥን አይደለም፤ ይህ መስተካከል ያለበት በደል ነው። በሥራው ላይ ግን ሥልጠናው እንዳያመልጣቸው። ትምህርት ቤቱ ካልሰጣቸው ይጠይቁ፤ ከመምህሯ ጋር መመካከሪያ ጊዜ እንዲመደብላቸው ይሟገቱ። ከልጆቻችን ብዙውን እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ለእነዚህ ሰዎች አደራ ሰጥተናል። አደራውን በቅንነት ብቻ እንዲሸከሙት መተው ለእነሱም ለልጆቹም በደል ነው፤ ልጁ አንድ ቀን ያለ እነሱ ራሱን ችሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ዕውቀት ማግኘት መብታቸው ነው።