ቧንቧ ከመቀየር በፊት ቱቦውን ማየት

በሄግ ከተማ ባሕር ዳርቻ፣ በስኬቨኒንገን፣ የሚጠጣው ውሃ ከማስ ወንዝ ተስቦ በባሕር ዳር የአሸዋ ኮረብቶች ውስጥ የተጣራ ነው። ከተማዋ ከእነዚህ ኮረብቶች ውሃ መቅዳት የጀመረችው በ1874 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም ክሎሪን አይጨመርበትም። ይህን ያህል የተለፋበት ውሃ ግን ቤት ከገባ በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ሊበከል ይችላል።

የሚያንጠባጥብ ቧንቧን በራስ እጅ መቀየር ለጀማሪም የሚከብድ አይደለም። በሆላንድ ቤቶች ዋናው መዝጊያ አብዛኛውን ጊዜ በመግቢያው አጠገብ፣ በቆጣሪው ሣጥን ውስጥ ይገኛል። እሱን ዘግቶ የቀረውን ውሃ ማፍሰስ ይቀድማል። (አዲስ አበባ ውስጥ ሮቶ ያለው ሰው የሮቶውንም መውጫ መዝጋት አለበት፤ አለዚያ ወጥ ቤቱ ይጥለቀለቃል።) ቴፍሎን የሚጠቀለለው በጥርሱ ላይ ነው፤ በጎማ የሚታሸግ መጋጠሚያ አያስፈልገውም።

መፍቻ ከማንሳት በፊት ግን ቱቦውን መመርመር ያሻል። ከ1960 በፊት በተሠሩ ቤቶች የእርሳስ ቱቦ ሊኖር ይችላል። ግራጫና ለስላሳ ነው፤ በቢላ ጫፍ ሲፋቅ ያብረቀርቃል፤ ሲመታ ድምፁ ድፍን ነው። መዳብ ግን ቀላ ያለ ነው። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። ውሃውን ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ሲተን እርሳሱ ይቀራል። እንዲህ ያለ ቱቦ ላይ አዲስ ቧንቧ መግጠም ችግሩን አይፈታውም፤ እንዲያውም መነካካቱ የእርሳስ ቅንጣት ሊያላቅቅ ይችላል። ተከራይ ከሆኑ ለአከራዩ ማሳወቅ፣ ቱቦው እስኪቀየርም የሕፃን ጡጦ በታሸገ ውሃ ማዘጋጀት ይገባል።

አዲስ የናስ ቧንቧም በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት እርሳስና ኒኬል ሊለቅ ስለሚችል፣ በቱቦው ውስጥ ያደረውን ውሃ ጠዋት ጠዋት ለሁለት ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ይመከራል።